ጥቁር መኪና በካዛንቺስ አቧራ፦ የአስተጣጠብና የቀለም አያያዝ መመሪያ

ጥቁር ቀለም ያረፈበትን ብርሃን አብዛኛውን ይውጣል፤ የቀረውን እንደ መስታወት መልሶ ያንጸባርቃል። መስታወት ላይ የወደቀ ብናኝ ሁሉ እንደሚታይ፣ ጥቁር መኪና ላይ ያረፈ አቧራም ወዲያው ለዓይን ይጋለጣል። የአዲስ አበባ አቧራ ግራጫ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ በመሆኑ፣ ብርማ መኪና ላይ ሳምንት ሙሉ ሳይታወቅ የሚቆየው አቧራ ጥቁር ኮፈን ላይ በማግስቱ በጣት ያስጽፋል።

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይ በካዛንቺስ፣ ችግሩ እጥፍ ነው። በአቅራቢያው ያለው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ በአዳራሹና በትልልቅ ሆቴሎቹ መካከል ጥቁር የፕሮቶኮል መኪና ሲመላለስ ማየት የተለመደ ነው። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ የቆዩት ቤቶች ለልማት መፍረስ ሲጀምሩ ደግሞ የግንብ ፍርስራሽ፣ የአሸዋና የሲሚንቶ ብናኝ በተለመደው አቧራና በናፍጣ ጥላሸት ላይ ተጨመረ።

ቀለሙ የሚጎዳው እንዴት ነው?

የዘመኑ የመኪና ቀለም ድርብርብ ነው። ከቆርቆሮው በላይ መሠረቱ፣ ቀጥሎ ጥቁሩ ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ቀለም ቀቢዎች «ክሊር» የሚሉት ብርሃን አስተላላፊ ሽፋን ይቀባል። የክሊሩ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከአንድ የሰው ፀጉር ይቀጥናል። አሸዋ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ የተባለው ማዕድን ደግሞ ከክሊሩ እጅግ ይጠነክራል። አቧራው ባረፈበት ዝም ብሎ ቢተኛ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ደረቅ ጨርቅ ይዞት ሲሄድ ግን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ጠዋት ጠዋት መኪናውን በደረቅ ጨርቅ ወይም በላባ መጥረጊያ አበስ አበስ ማድረግ ከወራት በኋላ ያፈራው ማታ ይታያል፤ የስልክ መብራት ኮፈኑ ላይ ሲበራ በብርሃኑ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጫጭን ጭረት ይወጣል። ስለዚህ የጥቁር መኪና የመጀመሪያው ሕግ አንድ ነው፦ ደረቅ ቀለም በደረቅ ጨርቅ አይነካም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• ሁለት ባልዲ፤ አንዱ ለሻምፖ፣ አንዱ ለንጹሕ ውሃ፤ ለጎማ ሌላ አሮጌ ባልዲና ብሩሽ
• የመኪና ሻምፖ፤ የልብስ ዱቄት ሳሙናና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ቀለሙ ላይ የተቀባውን መከላከያ ሰም ስለሚያነሡ አይተኩትም
• ለስላሳ የማይክሮፋይበር ጓንት ወይም ጨርቅ፣ እና አንድ ትልቅ ማድረቂያ ፎጣ
• ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ግቢ ሁለት ወይም ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ የአትክልት ማጠጫ፣ ወይም መድኃኒት ገብቶበት የማያውቅ በእጅ የሚታመቅ መርጫ

የአስተጣጠብ ቅደም ተከተል

1. መኪናው ጥላ ሥር ይቆማል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ይመረጣል። የእጅ ጀርባ ኮፈኑ ላይ ሲያርፍ ሙቀት ከተሰማው ገና ነው፤ ትኩስ ቀለም ላይ ሻምፖውም ውሃውም ሳይታጠብ ይደርቃል።

2. ቸርኬውና ጎማው አስቀድሞ በራሱ ባልዲ ይታጠባል። ከፍሬን የሚወጣው የብረት ብናኝ ስለታም ስለሆነ፣ የጎማው ብሩሽና ጨርቅ ቀለሙን ፈጽሞ አይነካም።

3. እጅ ሳይነካው መኪናው ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች በውሃ ብቻ ይርሳል። ከሥራው ሁሉ ወሳኙ ይህ ነው፤ በውሃ የወረደ አሸዋ በጨርቅ ተይዞ ቀለሙን አይፍቅም። በታችኛው ጎን የደረቀ ጭቃ ካለ 5 ደቂቃ እንዲላቆጥ ይተውና እንደገና ይረጫል። የግፊት ማሽን የሚጠቀም ሰው የማሽኑን አፍ ከቀለሙ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ያርቃል።

4. ጓንቱ ሻምፖ ውስጥ ተነክሮ አንድ ክፍል ብቻ ይታጠባል፤ ከዚያ ንጹሑ ውሃ ውስጥ ተለቅልቆ፣ ተጨምቆ ወደ ሻምፖው ይመለሳል። ጥቂት ክፍሎች ታጥበው የመለቅለቂያው ባልዲ ሥር ሲታይ የተጠራቀመው አሸዋ የሁለተኛውን ባልዲ ጥቅም ያስረዳል።

5. ቅደም ተከተሉ ጣሪያ፣ መስኮት፣ ኮፈን፣ የኋላ ክዳን፣ የበሮቹ ላይኛው ክፍል፣ በመጨረሻም ከበሮቹ ወገብ በታች ያለው ነው። እጅ በቀጥታ መስመር ይሄዳል፤ አይሽከረከርም፤ አይጫንም። መሬት የወደቀ ጓንት እስኪታጠብ ድረስ ከሥራ ይወጣል።

6. እያንዳንዱ ክፍል ሻምፖው ሳይደርቅበት ይለቀለቃል።

7. ፎጣው ኮፈኑ ላይ እንደ አንሶላ ይዘረጋና በቀስታ ይጎተታል፤ በሮቹ ላይ ጫን ጫን ተደርጎ ውሃውን ይመጥጣል። ፀሐይ እንዲያደርቀው ከተተወ ውሃው ተንኖ ማዕድኑ ይቀራል፤ ጥቁር ቀለም ላይም ነጫጭ ክብ ምልክት ይሆናል። የጉድጓድ ውሃ በሚጠቀሙ ሕንፃዎች ግቢ ይህ ይብሳል።

8. ሲደርቅ እጅ ስስ ፌስታል ውስጥ ገብቶ ቀለሙን በቀስታ ይዳስሳል። ፌስታሉ ውስጥ ያለ ጣት ባዶ እጅ የማይለየውን ሻካራነት ይለያል። የሚኮሰኩስ ነገር ካለ ሳሙና ያላነሣው እድፍ አለ ማለት ነው።

ሳሙና የማያነሣቸው እድፎች

የወፍ ኩስ አሲድነት አለው። ጥቁር ኮፈን ፀሐይ ላይ ከሌላው ቀለም ይልቅ ስለሚግል ክሊሩ ይለሰልሳል፤ ኩሱም በቶሎ ይበላዋል። ስለዚህ የእጥበት ቀን እስኪደርስ አይጠበቅም። በውሃ የራሰ ጨርቅ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይጫንበትና ተነሥቶ ይወሰዳል እንጂ አይፈተግም።

ሲሚንቶ ውሃ ሲነካው ይጠነክራል፤ ካፊያ ያገኘው ብናኝም ቅርፊት ይሠራል። ያልረጠበው በብዙ ውሃ ይወርዳል። በስሱ የያዘው እኩል ውሃ በተቀላቀለበት ኮምጣጤ የራሰ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ተደርጎበት፣ ታጥቦ፣ ወዲያው በሻምፖ ይለቀለቃል። የደረቀ ኮንክሪት በጥፍር ወይም በምላጭ አይነሣም፤ ለባለሙያ ይተዋል።

አዲስ አስፋልት ላይ ሲነዳ የተለጠፈ ሬንጅ ነጭ ጋዝ በነካ ለስላሳ ጨርቅ ይለቃል፤ ቦታው ሳይቆይ በሻምፖ ይታጠባል። የዛፍ ሙጫና በስብሶ የተጣበቀ የጃካራንዳ አበባ መጀመሪያ በለብ ያለ ውሃ፣ እምቢ ካለ በአልኮል ይነሣል።

ሰምና ፖሊሽ

ሰም ክሊሩ ላይ የሚቀባ ስስ መከላከያ ነው፤ የተፈጥሮው ሰም ሁለት ወር ገደማ፣ ሰው ሠራሹ ከአራት እስከ ስድስት ወር ሊቆይ ይችላል። ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ከቆላው ስለሚበረታ ሰሙ ለጌጥ ብቻ አይደለም። በታጠበ፣ በደረቀና በቀዘቀዘ ቀለም ላይ በስሱ ይቀባል፤ ደብዘዝ ሲል በንጹሕ ማይክሮፋይበር ይወለወላል። የተረጨ ውሃ እንደ ዶቃ ተድበልብሎ ከወረደ ሰሙ አለ፤ ተንጣሎ ከተኛ አልቋል። ከባትላሜራ የወጣና አዲስ የተቀባ በር ቀለሙ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ተንኖ እስኪያልቅ ከ30 እስከ 60 ቀን ሰም አይነካውም።

ፖሊሽ ሌላ ነው፤ ክሊሩን በስሱ እየፋቀ ጭረቱን ያስተካክላል። የተፋቀው ስለማይመለስ በየበዓሉ የሚደረግ አይደለም። ናፍጣ በነካ ጨርቅ መወልወል ደግሞ ለሰዓታት ያህል ያሳምርና አቧራ ይስባል።

በበጋና በክረምት

ከጥቅምት እስከ የካቲት በሳምንት አንድ ጊዜ ማጠብ ይበቃል፤ በመካከል ያለውን አቧራ ይታገሡታል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የበልግ ካፊያ ከሁሉ ይከፋል፤ አቧራውን ሳያጥብ ነጠብጣብ አድርጎት ይሄዳልና ፀሐይ ሳታደርቀው በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዶፉ ላዩን ያጥባል፤ ጎኑን ግን ጭቃ ያለብሰዋል። ሰው ሠራሹ ሰም የካቲት መጨረሻ፣ ግንቦት መጨረሻና መስከረም መጨረሻ ላይ ቢታደስ ከወቅቶቹ ጋር ይገጥማል።

ማቆሚያ ሲመረጥ ወፍ ከሚያድርበት ዛፍና ከግንባታ አጥር ይራቃል። የመኪና ልብስ የሚለብሰው ንጹሕ መኪና ነው፤ አቧራ ላይ የተጣለ ልብስ ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ይፍቃል።

ላቫጆ ሲታጠብ

ላቫጆ ቤት ዋናው አደጋ ከመኪና ወደ መኪና የሚዞረው ስፖንጅ ነው። ባለመኪናው የራሱን ጓንትና ፎጣ ይዞ ይሄዳል፤ አጣቢውንም አስቀድሞ «ወንድሜ፣ መጀመሪያ በውሃ ብቻ አርሰው፤ ስትጨርስ በዚህ ፎጣ አድርቅልኝ» ይለዋል። ፎጣው ቤት ሲመለስ ለብቻው ታጥቦ፣ አቧራ ከማይደርስበት ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ንጹሕ ፌስታል ውስጥ ታስሮም እስከሚቀጥለው እጥበት ይቀመጣል።