ጫማ ከተሰቀለ በኋላ

ኳስ ተጫዋች ጫማውን የሚሰቅለው ሌላው ሰው በሙያው ገና በሚጎለምስበት ዕድሜ ነው። ጉልበቱ ቢከዳውም ጨዋታ የማንበብ ችሎታው አብሮት ይቆያል፤ ይህን ይዞ ወደ ስፖርት ጋዜጠኝነት መሻገርም ይችላል። ይሁንና ማየትና ለሌላው ማሳየት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ልምምድ ይጠይቃል፤ ልምምዱም ገና እየተጫወቱ ቢጀመር ይመረጣል። እንግሊዛዊው ጋሪ ሊኒከር እ.ኤ.አ. በ1986ቱ የዓለም ዋንጫ በ6 ጎል ኮከብ ግብ አግቢ ነበር። መጫወት ያቆመው በ1994 ሲሆን የቢቢሲውን የእግር ኳስ ዝግጅት «ማች ኦቭ ዘ ዴይ» በዋና አቅራቢነት የተረከበው ግን በ1999 ነው። በመሐል ያሉት ዓመታት በራዲዮና በተንታኝነት ወንበር ሙያውን የተማረባቸው ናቸው። ያ ሁሉ ዝና ያለው ሰው ይህን ያህል ከጠበቀ፣ ስም ብቻውን በር እንደማይከፍት ግልጽ ነው።

ተንታኝ ከተመልካች በምን ይለያል? ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋሊያዎቹ (የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን) ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሱበት የአፍሪካ ዋንጫ፣ ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ላይ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ገጠሙ። ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዛምቢያም ቀድማ አገባች። በ10 ሰው የቀረው ቡድን ግን በ65ኛው ደቂቃ በአዳነ ግርማ ጎል አቻ ሆነ። ይህን አድማጭ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከተንታኝ የሚጠበቀው ግን የሚከተሉትን መመለስ ነው። አንድ ሰው ሲጎድል ከየትኛው መስመር ይቀነሳል? ብቻውን የቀረ አጥቂ ጓደኞቹ እስኪደርሱለት ኳሷን እንዴት ይይዛል? በተከላካዮችና በአማካዮች መካከል የሚከፈተውን ቦታ ማን ይሸፍናል? በጎዶሎ ተጫውቶ የሚያውቅ ሰው መልሱ በእግሩ ውስጥ አለ። ማይክ ይዞ «ልጆቹ በወኔ ተጫወቱ» ብሎ ካለፈ ግን፣ የተጫወተበት ዘመን ለአድማጩ የጨመረለት ነገር የለም።

«አንደበት የተፈጥሮ ስጦታ ነው» የሚሉ አሉ። የድምፅ ቃና ስጦታ ሊሆን ይችላል፤ ሐሳብን ማሳጠር፣ ስም አለማምታታት፣ ስቱዲዮ ከመግባት በፊት ማንበብ ግን የሚለመዱ ናቸው። ከዚህ የሚከብደው ሙግት «ይህ ለታዋቂዎች እንጂ ለራያ ቆቦዋ ከተማ ለሮቢት ልጅ አይሆንም» የሚለው ነው፤ በከፊል እውነት አለበት። ጣቢያዎቹ በብዛት አዲስ አበባ ናቸው፤ ውድድሩም ቀላል አይደለም። ቢሆንም መንሱር አብዱልቀኒን የመሰለ ጋዜጠኛ በአድማጭ ዘንድ የታወቀው በዘገባና በትንተና እንጂ በብሔራዊ ቡድን ማሊያ አይደለም። ለቀድሞ ተጫዋች ይህ ማስጠንቀቂያም ተስፋም ነው፦ ሳይጫወት አንብቦ የሚመጣ ተወዳዳሪ አለበት፤ ዝነኛ ያልነበረም ሰው ቦታ ያገኛል። ጨዋታውም ቅርብ ነው፦ ከ25,000 በላይ ተመልካች የሚይዘው ስታዲየም በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው እዚያው ሰሜን ወሎ፣ ወልድያ ላይ ነው፤ የከተማዋ ክለብም በፕሪሚየር ሊጉ ተጫውቷል። ስለዚህ የራያ ቆቦ ተጫዋች የሚተነትነው ጨዋታ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም። በቴሌቪዥን የሚታይ ጨዋታ ድምፁን አጥፍቶ፣ 10 ደቂቃ ያህል በራሱ አማርኛ እያስተላለፈ በስልኩ ይቅዳ። በማግስቱ ቅጂውን ኳስ ለማያውቅ ሰው ያሰማ፤ ያ ሰው ጎሉ ለምን እንደገባ መልሶ ማስረዳት ካቃተው፣ ያንኑ ጎል እንደገና ይተንትነው።