«እኔ ድኜበታለሁ» ማስረጃ ይሆናል?
(ስለ ጠጠር፣ ስለ ጓዳችን መድኃኒትና ስለ እኛ ዘገባ)

መግቢያ

እንደሚታወቀው በአገራችን ሰው ሲታመም ከሐኪም በፊት የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ጎረቤት ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። ወይ ጤና አዳም፣ ወይ ዳማ ከሴ፣ ካልሆነም «እኔ በዚህ ነው የዳንኩት» የሚል ምክር ይዞ ይመጣል። ይህ መልካም ባህል ነው፤ ብዙዎቻችን ያደግነውም በዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ነገ ማይክራፎን ይዘን የምንወጣ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች «ድኛለሁ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ምን ብለን መጠየቅ አለብን? በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንን ጥያቄ ከኩላሊትና ከፊኛ ጠጠር ጋር አያይዤ ለማየት እሞክራለሁ። ርዕሱን የመረጥኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤታችን ነው። ውድ አንባቢያን፣ ጥፋቱም የራሴ ስለሆነ ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

ቤታችን ሳሪስ አቦ ነው፤ ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም አይርቅም። ወር በገባ በ5 ነጠላ የለበሰው ምእመን መንገዱን ሲሞላው ከደጃችን ሆነን እናያለን። አባቴ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት የተሳቢ ሹፌር ነበር። በጉብዝናው ጊዜ አሰብ፣ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ደግሞ ጅቡቲ ተመላልሷል። «በረሃ ላይ ውሃ የሚያበዛ ሹፌር ሲቆም ሲነሳ ይውላል» ይል ነበር። ስለዚህ ውሃ አይጠጣም፤ ሽንቱንም ይዞ ነው የሚነዳው።

ባለፈው ዓመት አባዬ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ መነሳት ጀመረ። ሽንት ቤት ገብቶ ይቆያል። ሽንቱ ይጀምርና መሃል ላይ ቀጥ ይላል፤ ወዲያ ወዲህ ሲል እንደገና ይመጣል። አንድ ቀን ደም አይቶ ነበር፤ ይህንን ግን ያወቅነው በኋላ ነው። ቡና የሚያጣጡን ጎረቤታችን «ጠጠር ነው፤ የወንድሜን አይቻለሁ» አሉ። እማዬም፣ እኔም፣ አባዬም ጠጠር ነው ብለን ተቀበልን።

በዚያው ሰሞን ለክፍላችን የጤና ፊቸር እንድንሠራ ታዘን ነበር። እኔም «ይቺማ ቤቴ ያለች ታሪክ ናት» ብዬ ተነሳሁ። ከሳሪስ አቦ እስከ ቃሊቲ መንገድ ተዟዙሬ ከጠጠር የዳኑ ሰባት ሰዎች አነጋገርኩ። አንዱ የገብስ ውሃ፣ አንዷ ተልባ፣ ሌላው ሎሚ በባዶ ሆድ፣ ሁለቱ ቢራ፣ የቀሩት ደግሞ የተቀላቀለ ነገር ነገሩኝ። ሰባቱም «ድኛለሁ» አሉ። ሰባት ምንጭ! ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይህ ቀላል አይደለም። ጽሑፉን ጨርሼ ለዚህ መጽሔት ልሰጠውም አስቤ ነበር።

ከመስጠቴ በፊት ግን ቤት ወሰድኩትና ለአባዬ አነበብኩለት። «ይኸው ሰባት ሰው ድኗል» አልኩት። ቅዳሜ ዕለት እማዬ ገብሱን በትልቁ ድስት ቀቀለችው። ማታ ደግሞ የድሮ ረዳቱ ሊጠይቁት መጡና ቢራ ጋበዙት። «ጠጠሩን ይገፋልሃል» አሉ። እኔም ከጽሑፌ ሁለቱን ምንጮች ጠቅሼ አጸደቅኩላቸው።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አባዬ ሽንቱ ጭራሽ ተዘጋ። ሆዱ ከእምብርቱ በታች ተነፍቶ እንደ ድንጋይ ደረቀ። ያ በረሃ ያልበገረው ሰው ግድግዳ ይዞ ሲያቃስት ሰማሁት። በኮንትራት ታክሲ ሆስፒታል አደረስነው። ነርሷ ቱቦ ስታስገባለት ከአንድ ሊትር በላይ ሽንት ወጣ። በአልትራሳውንድ ሲታይ ፊኛው ውስጥ ከ2 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ጠጠር ተገኘ። ፕሮስቴቱም አብጦ ነበር።

ሐኪሙ «አባት፣ ገብሱንና ቢራውን ማን አዘዘልዎት?» ብለው ጠየቁት። አባዬ ወደ እኔ ሳያይ «እንዲሁ ሰው ነገረኝ» አላቸው። ያቺን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ጠጠር ሁሉ አንድ አይደለም

መጀመሪያ የሳትኩት ነገር ይህ ነው። እኛ በሰፈር «ጠጠር» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ቢያንስ ሁለት ቦታ ይፈጠራል።

የኩላሊት ጠጠር የሚጀምረው ኩላሊት ውስጥ ነው። ሽንት ሲወፍር በውስጡ ያሉት ጨዎች ተጣብቀው ይረጋሉ። አብዛኛው ከካልሲየምና ከኦክሳሌት የተሠራ ነው። ከዩሪክ አሲድ የሚሠራና ኢንፌክሽን የሚያመጣውም አለ። ጠጠሩ በቀጭኗ ቧንቧ ወደ ፊኛ ሲወርድ ነው ያ ሰው የሚያንፈራግጥ የጎን ሕመም የሚመጣው። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይወጣል። ከ10 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ግን በራሱ የመውጣት ዕድሉ ትንሽ ነው።

የፊኛ ጠጠር በአዋቂ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ መነሻው ሌላ ነው። ፊኛ በደንብ ሳይራገፍ ሲቀር ሽንት እንደ ኩሬ ውሃ ይተኛና ይረጋል። በዕድሜ በገፉ ወንዶች ዋናው ምክንያት የፕሮስቴት ማበጥ ነው። የሽንት መውጫ መጥበብና ተደጋጋሚ ኢንፌክሽንም ያመጡታል። ሽንት እየጀመረ መሃል ላይ መቆሙ፣ ሰውየው ሲንቀሳቀስ ደግሞ መቀጠሉ፣ ጠጠሩ በሩ ላይ እየተቀመጠ እንደሚዘጋ የሚጠቁም ምልክት ነው። ሐኪሙ ሲያስረዱን «ጠጠሩ ውጤት ነው፤ ምክንያቱ በሩ መጥበቡ ነው» አሉን።

በሩ የጠበበበት ሰው በአንድ ማታ ብዙ ፈሳሽ፣ በተለይ አልኮል ሲጠጣ ፊኛው ቶሎ ይሞላና ከነጭራሹ ሊዘጋ ይችላል። አባዬ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። አነጋግሬያቸው የነበሩት ሰዎች የሚያወሩት ስለ ኩላሊት ጠጠር ነበር። እኔ ግን የእነሱን ቃል ለፊኛ ጠጠር አዘዝኩት።

ከጓዳችን ያሉት ነገሮች ሲፈተሹ

እንግዲህ የቤት ውስጥ መድኃኒት ሁሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። አንድ በአንድ እንያቸው።

ውሃ፦ ለኩላሊት ጠጠር እውነተኛ መከላከያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የጣሊያን ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጠር የወጣባቸውን 199 ሰዎች ለ5 ዓመት ተከታትሏል። ብዙ ውሃ እንዲጠጡ ከተደረጉት ውስጥ ጠጠር የተመለሰባቸው 12 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ ውስጥ ግን 27 በመቶ ናቸው። ሐኪሞች የሚመክሩት በቀን ከ2 እስከ 2 ተኩል ሊትር ሽንት የሚያስወጣ ያህል መጠጣት ነው።

የገብስ ውሃና ተልባ፦ ብዙ ሰው በእነዚህ «ዳንኩ» ሲል ጠቃሚው ክፍል አብሮ የገባው ውሃ መሆኑን አያስተውልም። ገብሱ ጠጠር አያሟሟም።

ሎሚ፦ በውስጡ ሲትሬት አለ። ሲትሬት ሽንት ውስጥ ካልሲየምን ስለሚይዘው አዲስ ጠጠር እንዳይፈጠር ሊያግዝ ይችላል። የተፈጠረውን የካልሲየም ጠጠር ግን አያቀልጥም። ሊሟሟ የሚችለው የዩሪክ አሲድ ጠጠር ነው፤ እሱም ሐኪም በሚያዘውና በሚከታተለው መድኃኒት ነው።

ቢራ፦ ሽንት ያበዛል፣ እውነት ነው። ነገር ግን አልኮሉ በኋላ ሰውነትን ያደርቃል፤ ዩሪክ አሲድንም ይጨምራል። በሩ ለጠበበበት ሰው ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

ወተት መተው፦ «ጠጠር ካለብህ ወተት አትጠጣ» ሲባል ያልሰማ የለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ሌላ የጣሊያን ጥናት ግን ተቃራኒውን ነው ያሳየው። ጥናቱ ጠጠር እየተመላለሰባቸው የነበሩ 120 ወንዶችን ለሁለት ከፍሎ ለ5 ዓመት አየ። ካልሲየም እንዲቀንሱ ከተደረጉት 60 ሰዎች በ23ቱ ላይ ጠጠር ተመለሰ። ካልሲየም ሳይቀንሱ ጨውና ሥጋ ከቀነሱት 60ዎቹ ግን የተመለሰው በ12ቱ ላይ ብቻ ነው። ከምግብ የሚገኝ ካልሲየም ኦክሳሌትን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስወጣዋል። ስለዚህ ከወተቱ ይልቅ መቀነስ ያለበት ጨው ነው።

አምስት ሺህ ፓውንድ የተከፈለበት «ድኛለሁ»

በዚህ ስህተት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። በእንግሊዝ አገር ጆአና ስቲቨንስ የምትባል ሴት የፊኛ ጠጠር የሚያሟሟ የቤት መድኃኒት አለኝ አለች። በጊዜው ጠጠር የሚወጣው ያለ ማደንዘዣ በቢላ ተቀዶ ስለነበር ሕዝቡ ቢጓጓ አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ1739 ፓርላማው ምስጢሯን ብትገልጥ 5,000 ፓውንድ እንዲከፈላት ፈቀደ። ምስጢሩ ሲገለጥ የተቃጠለ የእንቁላል ቅርፊትና ቀንድ አውጣ፣ ሳሙና፣ ማርና ቅጠላ ቅጠል ሆኖ ተገኘ። የተሾሙት ሰዎች ታማሚዎችን አይተው መሰከሩላትና ገንዘቡን ተቀበለች። ከዚያ በኋላ ግን መድኃኒቱ ተስፋ የተጣለበትን ያህል ሳይሠራ ቀረ። ሕመም ማስታገሱና ጠጠር ማሟሟቱ አንድ ተደርገው ተወስደው ነበር። ምሁራንና ባለሥልጣናት እንዲህ ከተሳሳቱ እኔ ብሳሳት ምን ይደንቃል?

በሌላ በኩል የእኛን አገር እንዶድ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ናቸው። ዶክተሩ ያዩትን ይዘው ዝም አላሉም፤ ላቦራቶሪ ወስደው ደጋግመው ፈተሹት። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። የእናቶቻችን እንዶድ ዓለም ያወቀው መድረክ ላይ የወጣው ስለተመሰከረለት ብቻ ሳይሆን ስለተፈተሸ ነው። ባህላዊ ዕውቀትን ማክበር ማለት መፈተሽ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሰባቱን ሰዎች እንደገና ስጠይቃቸው

አባዬ ከተሻለው በኋላ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ወደ ሰባቱም ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ይዤ ነበር።

1ኛ. ጠጠር መሆኑ በምን ታወቀ? በምርመራ ወይስ በግምት?
2ኛ. የት ነበር? ኩላሊት ወይስ ፊኛ?
3ኛ. መጠኑ ስንት ነበር?
4ኛ. ከዳኑ በኋላ ተመልሰው ታይተዋል?
5ኛ. በዚያው ጊዜ ሌላ መድኃኒት ወስደዋል?

መልሱ አሳፈረኝ። ከሰባቱ በአልትራሳውንድ የታዩት ሦስት ብቻ ናቸው። ከሦስቱ ድነው ተመልሰው የታዩት አንድ ሰው ናቸው፤ የእሳቸውም ጠጠር 4 ሚሊ ሜትር ነበር። ይህ መጠን ገብስ ቢጠጣም ባይጠጣም ሊወጣ የሚችል ነው። አንዷ «ሐኪም የሰጠኝን ኪኒን አብሬ ጨርሼ ነበር፤ አልጠየቅከኝማ!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አልጠየቅኋቸውም።

ስድስተኛ ጥያቄ ደግሞ ለራሴ ጠየቅኩ። ያልዳኑትስ የት አሉ? እኔ የፈለግኩት «ከጠጠር የዳኑ» ሰዎችን ነበር። ስለዚህ ሌላ ምን ላገኝ ኖሯል? ሰዎቹ አልዋሹኝም። ሕመማቸው መቆሙን ነው የነገሩኝ። ምን እንዳቆመው ግን እነሱም አያውቁም፤ እኔም ሳላውቅ ጻፍኩት።

ማጠቃለያ

በአጠቃላይ ለመናገር የፈለግኩት ይህንን ነው። የሰው ምስክርነት የዘገባ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። በተለይ ጤና ላይ የምንጽፋት አንዲት ዓረፍተ ነገር የሆነ ቤት ገብታ ድስት ትጣዳለች። የእኔዋ የገባችው የገዛ ቤቴ ስለሆነ አየኋት። የሰው ቤት ብትገባ ኖሮ ግን ምን እንዳደረገች ሳላውቅ ነጥቤን ይዤ እቀመጥ ነበር።

አንባቢም ቢሆን ሽንት ጭራሽ ሲቆም፣ ደም ሲታይ፣ ከሕመሙ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲመጣ፣ ወይም ማስመለሱ ውሃ እንኳ አላስቀምጥ ሲል ገብስ ቀቅሎ የሚጠብቅበት ጊዜ አይደለም። በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። የዕድሜ ባለጸጋ አባቶቻችን ደግሞ ሌሊት ሲመላለሱ «በዕድሜ ነው» ብለን አንለፋቸው። ስለ ሽንት ማውራት ያሳፍራቸዋል፤ ቀድመን እንጠይቃቸው።

አባዬ ጠጠሩ በመሣሪያ ተሰባብሮ ወጥቶለታል፤ ለፕሮስቴቱም ሕክምና አግኝቷል። አሁን ሌሊቱን ይተኛል። እማዬ ግን ገብሷን አልተወችም፤ በሶ አድርጋዋለች። እኔም የመጀመሪያውን ጽሑፌን ቀድጄ ይህንን ጻፍኩ። ለአባዬ ሳነብለት ዝም ብሎ ሰማኝና «አሁን ስንት ሰው ነው የጠየቅከው?» አለኝ። «ያንኑ ሰባቱን» ስለው ሳቀ።

ቸር ይግጠመን።