ስለ ፋርስ ድመት መልክና ስለ ዘሩ አመጣጥ

የቤት ድመት ሁሉ የተገኘው በቅርብ ምሥራቅና በአፍሪካ ከሚኖረው የዱር ድመት ነው። ይህ የዱር ድመት በኢትዮጵያም ምድር ይገኛል፤ ጠጕሩም አጭር ነው። እንግዲህ ከአጭር ጠጕር ዘር ጠጕረ ረጅም ድመት እንዴት ሊገኝ እንደ ቻለ የፋርስ ድመት ታሪክ ያስረዳል።

መልኩ፤ የፋርስ ድመት ሰውነቱ ደንዳና፥ እግሮቹ አጫጭር፥ ራሱ ክብ፥ ጆሮዎቹ ትንንሽና የተራራቁ፥ ዓይኖቹ ትልልቅ፥ አፍንጫው አጭር ነው። ረጅሙ ጠጕሩ እንደ ሐር የለሰለሰ ነው፤ ከሥሩም ሌላ ጥቅጥቅ ያለ ጠጕር አለው። ስለዚህ በየቀኑ ካልተበጠረ ይቋጠራል።

አመጣጡ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1620 ዓመት ፒየትሮ ዴላ ቫሌ የተባለ ኢጣልያዊ መንገደኛ ከፋርስ አገር በጻፈው ደብዳቤ በኮራሳን ስላሉት ጠጕረ ረጃጅም ድመቶች ተረከ። ዛሬ አንካራ ከምትባለው ከቱርክ አገር ከአንጎራም እንዲህ ያሉ ድመቶች ወደ አውሮፓ ገቡ። በ1871 ሃሪሰን ዌይር በሎንዶን ከተማ በክሪስታል ፓላስ የድመት ትርኢት አዘጋጀ። ከዚያ ወዲህ አርቢዎች በመልክ የወደዱትን እየመረጡ አዋለዱ። በ2008 የታተመ የዘር ምርመራ እንዳሳየው የዛሬው የፋርስ ድመት በዘር የሚቀርበው ለምዕራብ አውሮፓ ድመቶች ነው። ስለዚህ ስሙ ከፋርስ ቢመጣም መልኩ በአርቢ እጅ የተሠራ ነው።

የጠጕሩ ምክንያት፤ ረጅም ጠጕር የሚወረሰው ከአባትም ከእናትም ሲገኝ ብቻ ነው። ከአንደኛው ወላጅ ብቻ የወረሰ ግልገል ጠጕሩ አጭር ይሆናል፤ ነገር ግን ረጅሙን በዘሩ ሰውሮ ለልጆቹ ሊያወርስ ይችላል። ሁለት አጭር ጠጕር ያላቸው ድመቶች ጠጕረ ረጅም ግልገል ቢወልዱ የሚያስደንቅ አይደለም።

ጕዳቱ፤ አርቢዎች አፍንጫው እጅግ ያጠረውን እየመረጡ ስላዋለዱ ብዙዎቹ የፋርስ ድመቶች ለመተንፈስ ይቸገራሉ፤ ዓይናቸውም ያለማቋረጥ ያነባል። ከዚህም ሌላ በኵላሊት ውስጥ ውሃ የያዙ ከረጢቶች እየበዙ የሚገድል በሽታ በዘራቸው ገብቷል። ይህ በሽታ እንደ ረጅም ጠጕር አይደለም፤ ከአንድ ወላጅ ብቻ መውረስ ይበቃል። በ2004 የበሽታው ምክንያት በዘር ውስጥ ስለ ታወቀ፥ አስተዋይ አርቢ ድመቱን አስመርምሮ የታመመውን ከማዋለድ ይከለክላል።

ከዚህም የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። ከብትም ሆነ በግ፥ ዶሮም ሆነ ድመት የሚያረባ ሰው መልክን ብቻ አይቶ ዘር ቢመርጥ ከመልኩ ጋራ የተሰወረውን ደዌ ያበዛል። ስለዚህ አስቀድሞ ጤናውን፥ ከዚያም መልኩን ይመልከት።

መምህሩ ልጆቹን እንዲህ ብሎ ይጠይቃቸው፤
1ኛ፤ የቤት ድመት የተገኘው ከምንድር ነው?
2ኛ፤ ረጅም ጠጕርና የኵላሊት በሽታ በአወራረሳቸው የሚለያዩት እንዴት ነው?
3ኛ፤ በሰፈራችሁ በሬ ወይም በግ ለዘር ሲመረጥ የሚታየው ምንድር ነው?