የፍርድ ቤትን መንገድ ስለ ማሳጠር

«የተጠማ ከፈሳሽ፣ የተበደለ ከነጋሽ» ይላሉ አባቶቻችን። ነገር ግን ወደ ዳኛው የሚወስደው መንገድ ሲረዝም ተበዳዩ ሁለት ጊዜ ይበደላል። አንድ የታች ጋይንት ገበሬ ስለ እርሻው ድንበር ተሟግቶ በአርብ ገበያ ቢፈረድበትና ይግባኝ ቢል፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደብረ ታቦር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ባሕር ዳር ነው። ቀጠሮው በዘር ጊዜ ከዋለ ከመሬቱ ጋር አዝመራውንም ሊያጣ ነው።

ከመፍትሔዎቹ አንዱ በአገራችን የፕላዝማ ችሎት የሚባለው ነው። ባለጉዳዩ በአቅራቢያው ባለው ፍርድ ቤት ተቀምጦ በሩቅ ካሉት ዳኞች ፊት በምስልና በድምፅ ይከራከራል። በካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ የጀመረው የፍትሐ ብሔር ዳኝነት ጉባኤ ደግሞ አነስተኛ የገንዘብ ክርክርን ሳይቀር በኢንተርኔት ያያል፤ ባለጉዳዮቹን አስቀድሞ ያስማማል፣ ካልተስማሙም ይፈርዳል። ይህ ከሽማግሎቻችን ልማድ የራቀ አይደለም፤ በዕርቅ ያለቀ ነገር ሁሉ ከዳኛው ጠረጴዛ አንድ መዝገብ ያነሣልና።

ይሁን እንጂ መሣሪያው መንገድ ያሳጥራል እንጂ አይፈርድም። መብራት ሲጠፋ ችሎቱ ይቋረጣል፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰውም የሚያነብለትና የሚጽፍለት ይሻል። ስለዚህ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ለጎረቤታችን ቃሉን ሳንጨምርና ሳንቀንስ የጻፍንለት ዕለት፣ መማራችን ለፍትሕ ጠቀመ ማለት ነው።