የፕሮፔለሩን ሁለተኛ ቁጥር እናንብብ

ፊደል የቆጠረ ሰው የሚያነበው ጋዜጣና ደብዳቤ ብቻ አይደለም። ብረት ላይ የተቀረጸ ቁጥርም ይነበባል። የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንድ እንዲህ ያለ ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር ሳያነብ የሞተር ጀልባ የሚነዳ ማህበር ቤንዚኑን በከንቱ ያቃጥላል፤ በመዋጮ የተገዛውን ሞተር ያለ ዕድሜው ይገድላል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ነፋስ በተነሳበት ሰዓት ሰው ጭኖ ሐይቅ መሃል መቆም ነው።

በጣና ሐይቅ ላይ ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚሻገረው በደንገል ታንኳ ነው። ሞተር ያላቸው የዓሣ ማስገሪያ ጀልባዎች የገቡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ነው። ዛሬ ከጀልባው ኋላ የሚሰቀለውን ትንሽ ሞተር የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከሞተሩ እግር ጫፍ፣ ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው ባለ ሦስት ክንፍ ብረት ፕሮፔለር ይባላል። ውሃውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ጀልባው ወደ ፊት ይሄዳል።

ፕሮፔለሩን አገላብጣችሁ እዩት። እምብርቱ ወይም ክንፉ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። ቆሻሻ ከሸፈነው በብሩሽ ጥረጉት። 15 የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር ላይ ለምሳሌ እንዲህ የሚል ልታገኙ ትችላላችሁ፦

9 1/4 x 10

«ዘጠኝ ከሩብ በአሥር» ተብሎ ይነበባል። ልኩ በኢንች ነው። 1 ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ከዳር እስከ ዳር ምን ያህል እንደሚሰፋ ይነግረናል። ሁለተኛው ቁጥር ፒች ይባላል። የዛሬው ጉዳያችን ከዚህ ከሁለተኛው ጋር ነው።

ፒች ማለት ምን ማለት ነው? ብሎንና ዳዶ አስቡ። ዳዶውን አንድ ዙር ስታዞሩት በብሎኑ ላይ ጥቂት ወደ ፊት ይሄዳል። የብሎኑ ጥርስ የተራራቀ ከሆነ ብዙ ይሄዳል፤ የተቀራረበ ከሆነ ትንሽ ይሄዳል። ፕሮፔለርም እንደዚሁ ነው። ፒቹ 10 የሆነ ፕሮፔለር በአንድ ዙር 10 ኢንች፣ ማለትም 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት እንዲሄድ ሆኖ ተሠርቷል። ውሃ ግን እንደ ብረት አይጨበጥም፤ ይሸሻል። ስለዚህ ጀልባው የሚሄደው ከዚያ ያነሰ ነው። ጭነት ሲበዛ ደግሞ የበለጠ ያንሳል።

«እንግዲያው ትልቁን ቁጥር እንግዛ፤ በአንድ ዙር ሩቅ ይወስደናል» የሚል አይጠፋም። ሻጩም ትልቁ ይሻላል ሊላችሁ ይችላል። እሱ እኮ አብሯችሁ ሐይቅ አይገባም። እናንተ ግን ገበሬዎች ናችሁ፤ ነገሩን ታውቁታላችሁ። በከሱ በሬዎች ማረሻውን አጥልቃችሁ ብታርሱ ምን ይሆናል? በሬዎቹ ያቃስታሉ፣ ከዚያም ይቆማሉ። ትልቅ ፒች ማለት አጥልቆ እንደ ማረስ ነው። ጉልበት ያለው ሞተር በቀላል ጀልባ ላይ ይችለዋል። ጉልበት ያጣ ሞተር ጭነት በበዛበት ጀልባ ላይ አይችለውም።

ታዲያ የእኛ ሞተር ጉልበት ስንት ነው? ክዳኑ ላይ 15 ተብሎ ቢጻፍም ጣና ላይ 15 አይደለም። ሞተር ቤንዚን ብቻ አይበላም፤ አየርም ይበላል። ደጋ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በጥቅሉ ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሞተር ከጉልበቱ 3 ከመቶ ያህል ያጣል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1800 ሜትር ግድም ነው። ደብተር አውጡና እናስላ። 1800 ለ300 ሲካፈል 6 ነው። 6 ጊዜ 3፣ 18 ነው። ከ100 እጅ 18ቱ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ የ15 ፈረስ ሞተር ጣና ላይ ከ12 ፈረስ ብዙም አይበልጥም። የጫሞ ሐይቅ ከፍታ 1100 ሜትር ያህል ስለሆነ እዚያ የሚጠፋው 11 ከመቶ ገደማ ነው። ከአዲስ ሞተር ጋር የሚመጣው ፕሮፔለር ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ለባሕር ዳርቻ አየር ነው። እኛ ጋ ሲመጣ ፒቹ ይበዛበታል።

መብዛቱን በምን እናውቃለን? ጀልባውን እንደ ገበያ ቀን ጫኑ። ባዶውን መፈተን አይጠቅምም። ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ክፈቱት። ሞተሩ በወፍራም ድምፅ ካጓራ፣ ዙሩ አልጨምር ካለ፣ ብዙ ከጨሰ፣ ካንዴላውም ቶሎ ቶሎ ከጠቆረ ፒቹ ሳይበዛበት አይቀርም። ሆኖም መጀመሪያ ክንፎቹን እዩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እምቦጭ ወይም የተቆረጠ መረብ ተጠምጥሞበት ከሆነ ጥፋቱ የፒች አይደለም። ድንጋይ የመታው ክንፍም እንዲሁ ያታልላል። ካርቡራተሩም በመካኒክ ይታይ። ለቆላ የተለካ ካርቡራተር ደጋ ላይ ቤንዚን ያበዛል፤ ያም ጭስ ያመጣል።

ዙር ቆጣሪ ያለው መካኒክ ከተገኘ ነገሩ ይቀላል። የሞተሩ መጽሐፍ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው በደቂቃ ስንት መዞር እንዳለበት ይናገራል። መጽሐፉ ከ4500 እስከ 5500 ይላል እንበል። የእናንተ ሞተር ጭነት ይዞ 4400 ብቻ ቢደርስ ጎድሏል። ፒቹ በ1 ኢንች ሲቀነስ ዙሩ ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። በ2 ኢንች ብንቀንስ ከ300 እስከ 400 እናገኛለን። 4400 ሲደመር 300፣ 4700 ይሆናል። ስለዚህ 10 የነበረውን በ8 እንለውጣለን ማለት ነው።

ዙር ቆጣሪ ባይኖርስ? የጎረቤት ማህበር ተመሳሳይ ሞተርና ሌላ ፒች ካለው፣ ከመግዛታችሁ በፊት ፕሮፔለሩን ተዋሱ። በሁለት ምልክቶች መካከል፣ በእኩል ጭነት፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ሁለቱንም ሞክሩ። ደቂቃውንና የጠጣውን ቤንዚን ጻፉ። ቀድሞ የሚደርሰውና ትንሽ የሚጠጣው እሱ ነው የእናንተ።

ፒች ማሳነስም ልክ አለው። በጣም ያነሰ እንደሆነ ሞተሩ ባዶ ጀልባ ሲገፋ ከልኩ በላይ ይዞርና ይጎዳል። ጭነት አራግፋችሁ ስትመለሱ ነዳጅ መስጫውን ጥቂት መለስ አድርጉት።

ፕሮፔለር የሚፈታው ሞተሩ ጠፍቶ፣ የካንዴላው ገመድ ከተነቀለ በኋላ ነው። ይህን አትዝለሉ። በእጅ ሲዞር ድንገት የተነሳ ሞተር ጣት ይቆርጣል። ሥራው ደረቅ መሬት ላይ ይሁን። ዳዶውን የያዘችው ትንሽ ሽቦ ውሃ ውስጥ ከወደቀች አትገኝም። ሮንዴላዎቹ በምን ተራ እንደነበሩ አስታውሱ፤ ዘንጉን ግራሶ ቀቡት። አዲሱን ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ቁጥሩ አንድ ሆኖ የውስጡ ጥርስ ከዘንጋችሁ ጋር ላይገጥም ይችላልና። አሮጌው ካልተሰበረ አትጣሉት፤ መጠባበቂያ ሆኖ ጀልባው ውስጥ ይቀመጥ።

ከማህበሩ ደብተር አንድ ገጽ ለሞተሩ ስጡት። ቀኑን፣ የተጫነውን ሰውና ኩንታል፣ የፈጀውን ሊትር፣ በዚያ ቀን የታሰረውን ፕሮፔለር ሁለቱንም ቁጥሮች የሚነዳው ሰው ራሱ ይጻፍበት።