ጊዜና ቀለም፦ ከ‹ጎማ› እስከ ‹አንኮራ›

ከመቱ ወደ ጎሬ የሚጓዝ ተማሪ የሚያውቃቸው ‹ጎማ› እና ‹መኪና› ከጣልያንኛ የተወረሱ ቃላት ናቸው። ጣልያንኛ ጠብቆ የሚነገረውን ተነባቢ ለሁለት ቀለሞች፣ ማለትም ለሁለት የቃል ክፍሎች፣ ያካፍላል፦ ጎም-ማ፣ ማክ-ኪ-ና። አጽንዖቱ በአብዛኛው ከመጨረሻው በፊት ባለው ቀለም ላይ ያርፋል፤ በ‹ማክ-ኪ-ና› ግን በመጀመሪያው ላይ ነው።

የአጽንዖት ቦታ ትርጉም ይለውጣል። ‹አን-ኮ-ራ› የመጀመሪያው ቀለም ሲጎላ መልሕቅ፣ ሁለተኛው ሲጎላ ‹ገና› ማለት ነው። የእኛው ‹ገና› ደግሞ ሲላላ ይህንኑ፣ ሲጠብቅ በዓሉን ይገልጻል።

በፊዚክስ ዓይን ሁለቱም የጊዜ ጉዳይ ናቸው፦ በመጥበቅ ተነባቢው ይረዝማል፤ በአጽንዖት አብዛኛውን ጊዜ አናባቢው። ፊደላችን መጥበቅን፣ የጣልያንኛ ጽሑፍም በአብዛኛው አጽንዖትን አያመለክቱም። ስለዚህ ቋንቋ ስትማሩ ከዓይን ጆሮን አስቀድሙ።