በሶናፑር ሙቀት የሊትየም ባትሪ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ዱባይ፣ ሶናፑር በሠራተኞች ካምፕ እኖራለሁ፤ በሞተር ሳይክል ምግብ አደርሳለሁ። ባትሪዬን የሐምሌ ሙቀት ገደለብኝ። ቀላሉን ሊትየም ልግጠም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን የሞተርህን ቻርጅ አስለካ። ለማስነሻ የሚሆነው ሊትየም አይረን ፎስፌት ነው፤ አራት ሴሎቹ በድምሩ 12.8 ቮልት ይሰጣሉ፤ ክብደቱም ከአሲዱ ባትሪ በብዙ ያንሳል። ሞተሩን አስነሥተህ፣ ነዳጅ እየሰጠህ፣ ቴስተሩን ባትሪው ላይ አሳርፍ። 14 ቮልት አካባቢ ካሳየ ደህና ነው። ከ14.6 ካለፈ ሬጉሌተሩን ሳታስቀይር እንዳትገጥም፤ ትርፉ ቮልት ሴሎቹን ያሳብጣል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ሊትየምም ቢሆን ሙቀት ያስረጀዋል፤ ሞተርህን ጥላ ፈልገህ አቁም። ያበጠ ባትሪ ካየህ ወዲያው አስወግደው። ደግሞ አደራህን፣ ሰው በተኛበት የካምፕ ክፍል ውስጥ ቻርጅ አታድርግ።